የአንኮበርን ታሪክ ለራሳችን ሰው እንዴት እናሳይ?

የጎረቤላ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አንኮበር ወረዳ ጎረቤላ ነው። ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበን የአካባቢያችንን ታሪክ ሰንደን ለሕዝብ ማሳየት እንፈልጋለን። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ ሎጁ ጋ ቡና ይጠጣል፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ሎጁ የድሮውን ቤተ መንግሥት አምሳል ይዞ የተሠራ ነው እንጂ ቤተ መንግሥቱ ራሱ አይደለም። ከዋናው የተረፈው የግንብ ቁራጭ ነው፤ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ያልፈዋል።

እኔን ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ግን የእኛው ተማሪዎች ነገር ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ አንኮበር መናገሻቸው እንደነበረች፣ በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ በበረሃ አቋርጦ መጥቶ ከሳቸው ጋር ውል እንደተዋዋለ፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት እዚህ እንደነገሡ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ገንዘብ የለንም። ስልክ አለን፣ ጉልበት አለን፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ሊሰጠን ይችላል። ገሚሱ ሙዚየም እንክፈት ይላል፣ ገሚሱ ቴሌግራምና ቲክቶክ ይበቃል ይላል። ከየት እንጀምር? በእናታችሁ፣ የምታውቁ መልሱልን።

መምህር ከደብረ ብርሃን

በርቱ ልጆቼ። ሙዚየሙ ይቆይ። ግንቡ ለዓመታት ቆሟል፣ ነገም ታገኙታላችሁ፤ ሽማግሌዎቹን ግን ላታገኟቸው ትችላላችሁ። መጀመሪያ እነሱ የሚያወሩትን ቅዱ።

ስትሄዱ ሁለት ሁኑ፣ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ስልኩን ይያዝ። «እስቲ ታሪክ ይንገሩን» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እንደዚያ ካላችሁ ከሬዲዮ የሰሙትን ነው የሚነግሯችሁ። ውሃ ከየት ይቀዳ እንደነበር፣ በቅሎዎቹ ከሥር ካለችው ገበያ ከአልዩ አምባ በየትኛው ዳገት ይወጡ እንደነበር፣ ጣሊያን ሲገባ ቤተሰባቸው የት እንደተሸሸገ ጠይቋቸው። አንድ እናት «እዚያች ዋርካ ሥር እናርፍ ነበር» ካሉ፣ ከቻሉ ይዛችኋቸው ሂዱና ቦታውን እዚያው ቆመው ያሳዩዋችሁ፣ ፎቶም አንሱ። ማን እንደተናገረ፣ የት፣ መቼ፣ ከማን እንደሰማው በደብተር ጻፉ። ፈቃድ ጠይቁ፣ ቅጂውንም ለልጆቻቸው ስጡ። ቅጂውን ያገኘ ቤተሰብ ነገ ሳጥን ውስጥ ያለውን አሮጌ ፎቶ አውጥቶ ያሳያችኋል። በአንድ ስልክ ብቻም አታስቀምጡት፣ ስልክ ይሰረቃል።

ግንበኛው

ስለዚያ ግንብ አንድ ነገር ልበል። ለበጎ ብላችሁ ሲሚንቶ እንዳትለጥፉበት! የድሮው ግንብ በኖራ የተያያዘ ነው፣ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይመጣና ድንጋዩን እየበላ ያፈርሰዋል። በየቦታው አይቻለሁ፣ ተጠገነ የተባለው ግንብ ካልተነካው ቀድሞ ይላላል። ግንቡ ላይ የበቀለ ዛፍ ካለም ሥሩን ጎትታችሁ አትንቀሉት፣ ድንጋዩን ይዞት ይወጣል። ከላዩ ተቆርጦ እንዳያቆጠቁጥ እየተከታተሉ መተው ይሻላል። ይህንንም ቢሆን ባለሙያ ሳያይ አትጀምሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም፣ አይቆፈርም። መጀመሪያ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ አስገቡ።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት መሰነድ ነው። ግንቡን ከፊት፣ ከጎን፣ ከቅርብ አንሱት፣ ሜትር አጠገቡ አስቀምጣችሁ። ከክረምት በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ አንሱ። ስንጥቁ እየሰፋ ከሆነ ያኔ ለቢሮው በማስረጃ ታሳያላችሁ።

የአልዩ አምባ ልጅ

ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። አንኮበር ሲባል ሁልጊዜ ወሬው ስለ ንጉሥ ብቻ ነው። ከሥር ያለችው አልዩ አምባስ? ከሐረርና ከታጁራ ወደብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፈው እዚህ ነበር። አሞሌው፣ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ በዚህ ነው ያለፈው። አርጎባዎቹ አባቶቻችን ነጋዴም ሸማኔም ነበሩ። በዚያ መስመር ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደነበርም አትደብቁ፣ እሱም የኛው ታሪክ ነው። መስጊዱንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ ገበያውንም አብራችሁ ካላሳያችሁ የእኛ ልጆች «ይሄ የነሱ ነው» ብለው ይቀራሉ። ከእኛ ሰፈር ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ።

መንዜዋ

@የአልዩ አምባ ልጅ ልክ ብለሃል ወንድሜ። እኔ ደግሞ ስለ ተራው ሰው ቤት ልጨምር። መንዝ ውስጥ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ ሣር የሆነ ቤት እያደር እየጠፋ ነው፣ ቆርቆሮ ተተካ። ቆርቆሮ ያለበሱትን አልወቅስም፣ ጓሳ መክደን ብዙ ድካም አለው። ነገር ግን ያን ክዳን ማሰር የሚያውቁት አሁን አዛውንቶች ናቸው። ሣሩ ራሱ ሥርዓት ነበረው፦ ቄሮ በሚባለው ደንብ የጓሳ መሬት ለዓመታት ይዘጋ ነበር፣ ሲከፈት ሁሉም በተራው ያጭዳል፣ ጥሶ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ደንብ ፈረሰ፤ በኋላ ሕዝቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን ባያስቀጥለው ሣሩም ባልተረፈ ነበር። ስለዚህ ቤቱን ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትሂዱ። አንድ አባት ክዳኑን ሲያስሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቪዲዮ ያዙ፣ እጃቸውን አስጠግታችሁ። ገመዱ እንዴት እንደሚገመድ ሳይቀር።

ሌላው፣ ብራናና መስቀል ፎቶ አንስታችሁ ከነቦታው ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ አደራ። ሌባም ያነባል። ካህናቱን ጠይቁ፣ አይሆንም ካሉ አይሆንም።

መምህር ከደብረ ብርሃን

መንዜዋ ጥሩ አስታወስሽ። አንድ ሐሳብ ልጨምር። ከሃሪስ ጋር በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሰዓሊ መጥቶ ነበር። የሳላቸው የሸዋ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1852 ታትመዋል፣ ኢንተርኔት ላይም ይገኛሉ። የአንኮበርን ሥዕል በትልቁ አሳትሙና ተማሪዎቹን ይዛችሁ ሰዓሊው ቆሞ ሊሆን የሚችልበትን ቦታ ራሳቸው ይፈልጉት። ሸንተረሩ አልተለወጠም፣ ያገኙታል። ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከሚሰሙት ይልቅ ያ ይገባቸዋል።

የጎረቤላ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ተማክረን ወስነናል። ሙዚየሙን ትተን በቀረጻው እንጀምራለን፣ ከጎረቤላም ከአልዩ አምባም እኩል ሰው እናናግራለን። ለግንቡ ደብዳቤ እየጻፍን ነው። የተቀዳውን መጀመሪያ የምናሰማው እዚሁ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ስህተት ካለ እዚያው እንዲያርሙን፤ ቴሌግራም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። @የአልዩ አምባ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሥዕል በትልቁ በረከሰ ዋጋ የሚያትም ቤት የምታውቁ ካላችሁም ጠቁሙን።