ይቺን ዓሣ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ
ሰላም ወገኖች፣ ስሟን ፍለጋ እንቅልፍ ያጣሁባት በመስታወት ገንዳ የማኖራት ትንሽዬ የዝሆን ዓሣ አለችኝ። ስገዛት ፒተርስ የሚባለው የዝሆን ዓሣ ዓይነት ናት ተብዬ ነበር፣ ግን እሱ እኮ አገጩ ላይ እንደ ጣት የረዘመ ነገር አለው፣ የኔዋ ፊቷ ድቡልቡል ነው ምንም የወጣ ነገር የላትም። 7 ሴንቲሜትር ብትሆን ነው፣ ብርማ ቡኒ፣ አፏ ትንሽ ሆኖ ወደ ታች ገባ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ቱቦ ውስጥ ተደብቃ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የምትወጣው። ከሌሎቹ የዝሆን ዓሣ ወገኖች ፔትሮሴፋለስ ትሁን ፖሊሚረስ መለየት አቃተኝ። የፔትሮሴፋለስ ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ዓይኑ አጠገብ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ፎቶ ላነሳ ስል ግን በፍላሹ ደንግጣ ግድግዳው ላይ ተላተመች፣ አሳዘነችኝና ተውኩት። በመረብ ሳላስጨንቃት በመስታወቱ በኩል ሌላ ምን ልይ? የጀርባ ክንፏ ርዝመት ይጠቅማል? እባካችሁ ያረባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።