የዐውደ ርዕዩ ፕሮፖዛል፦ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። የትምህርት ቤቱ ዐውደ ርዕይ ረቂቅ ርዕስ «የጥንት ሰውና የአየር ንብረት ለውጥ» ነው። ያለን ሦስት ቦርድ ብቻ ነው። ሐሳብ አምጡ።

የጂኦግራፊ መምህርቷ፦ እኔ በሽንፋ እንጀምር ባይ ነኝ፤ መተማ ቆላ ያለው ወንዝ። ዳርቻው ሲቆፈር ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሱማትራ ደሴት ላይ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ ብናኝ ተገኝቷል። በዓይን አይታይም፤ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። በዚያው ጊዜ አካባቢው ይበልጥ መድረቁን የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ኬሚስትሪ ያሳያል። ታዲያ ያኔ በወንዙ ዳርቻ የሰፈሩት ሰዎች ምን በሉ? ዓሣ! ወንዙ በበጋ ሲቆራረጥ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ ዓሣውም እዚያው ይታጎራል። ከፍንዳታው በኋላ ባለው ንብርብር የዓሣ አጥንት ድርሻ በግልጽ ጨምሯል።

ወጣቱ አባል፦ አሪፍ! «ከዓለም ፍጻሜ የተረፉት» እንበለው?

ሰብሳቢ፦ ተው እንጂ ልጄ። ቶባ የሰውን ዘር ሊጨርስ ደርሶ ነበር የሚለው ገና ያከራክራል። ተማሪ የሚስብ ከፈለግህ ፍልፈል አለልህ።

ወጣቱ አባል፦ ፍልፈል? ኧረ ጋሼ!

ሰብሳቢ፦ አዎ። ባሌ ተራሮች ላይ ፊንጫ ሃበራ የሚባል የዐለት መጠለያ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ጊዜው የበረዶ ዘመን ነው፤ ከበላያቸው ግግር በረዶ ነበር። እዚያ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ በሉ፤ የተቃጠለው አጥንት በብዛት ተገኝቷል። ለመሣሪያ የሚሆነውን ጥቁር ባልጩት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡ ነበር። ቆላው ሲደርቅ ደጋው ውሃም ሥጋም ነበረው።

ወጣቱ አባል፦ ተሸነፍኩ። ሦስተኛው የሐይቆቹ ይሁን፦ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ የነበሩበት እርጥብ ዘመን።

የጂኦግራፊ መምህርቷ፦ ሐይቁስ አለ፤ ሰዎቹ የታሉ? አንድ ካርታ ይበቃዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ኦሪጅናል ቅርስ እንዳታስቡ፤ ፈቃዱም ገንዘቡም የለም። ፎቶና ሥዕል ብቻ።

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ላይ «ለዛሬ ድርቅ መፍትሔ» የሚል አንቀጽ አለ። ይቆይ?

ሰብሳቢ፦ ይውጣ። እነሱ ጥቂት ነበሩ፤ ሲከፋ ተነሥተው ይሄዳሉ። የዛሬ ገበሬ መሬቱን ጥሎ የት ይሄዳል?

ጸሐፊ፦ እንግዲያው አንዱ ቦርድ ሽንፋ፣ አንዱ ባሌ። በሦስተኛው ካርታው ከጥያቄና መልስ ጋር ይገባል። መምህርት የሽንፋውን ጽሑፍ እስከ ዐርብ ላኪልኝ፤ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ።

ወጣቱ አባል፦ ፍልፈሉን እኔ እሥላለሁ።