ኔፓል በዝናብ ወቅት፦ ስለ አልቅት የምታውቁ እርዱኝ

ጠያቂ (ኔታንያ፣ እስራኤል)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ውትድርናዬን ጨርሼ በሐምሌ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኔፓል፣ አናፑርና ተራራ ዙሪያ በእግር ልንጓዝ ነው። ትኬት ከቆረጥን በኋላ «በዝናብ ወቅት መንገዱ አልቅት በአልቅት ነው» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «አልቅት ያለው ውሃ ውስጥ ነው፣ አጣርተህ ጠጣ» ትላለች። የብስ ላይ የሚኖር አልቅት አለ እንዴ? ከያዘኝስ ጨው ልነስንስበት?

ፖካራ (ኔፓል) የከረመ፦ እናትህ ስለ አገራችን አልቅት ልክ ናቸው። የዚያኛውን «ጁካ» ይሉታል፤ ኑሮው እርጥብ ቅጠልና ሣር ላይ ነው። ክብሪት እንጨት የምታክል ነገር በጅራቷ ቅጠል ይዛ ቆማ ስትወዛወዝ ታያለህ። ትንፋሽህንና የእርምጃህን ንዝረት ተከትላ ነው የምትመጣው። ፎቶ ላንሳ ብለህ ከቆምክ አለቀልህ! ተራ ካልሲን አልፋ ትነክሳለች። ክሩ ጥብቅ ከሆነ ጨርቅ የተሰፋ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ፈልግና ሱሪህን ውስጡ ክተት። ጫማህን ዲት (DEET) የሚባል ኬሚካል ያለበት የነፍሳት መከላከያ ቀባው። እኔ ጨው በጨርቅ ቋጥሬ ዱላ ጫፍ ላይ አስሬ ነበር የምሄደው፤ ጫማዬ ላይ የወጣችውን ነካ ሳደርጋት ትወድቃለች።

ነርሷ፦ ጫማ ላይ ላለችው ጨው ይሁን። ቆዳህን ከነከሰች በኋላ ግን ጨውም እሳትም አታስጠጋባት፤ የሆዷን ቁስሉ ውስጥ ልትተፋው ትችላለች። አፏ በቀጭኑ ጫፍ ነው። ጥፍርህን እዚያ ሥር አንሸራት፣ ቀጥሎ ወፍራሙን ጫፍ አላቅቅና ቶሎ ወርውራት፤ ካልፈጠንክ ጣትህን ትይዛለች። ምራቋ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ለሰዓታት ሊንጠባጠብ ይችላል፣ አትደንግጥ። በሳሙና ታጠብ፣ ንጹህ ጨርቅ ጫንበት፣ ቢበላህም አትከክ። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ግን ሳትሄድ ሐኪምህን አማክር።

ባለበቅሎ (ጎጃም)፦ የእኛው ይብሳል ወገኖቼ! በቅሎዬ ከምንጭ ጠጥታ አፍንጫዋ ስንት ቀን ደማ። ጫፉ ብቅ ሲል በእጄ ብይዘው አሟለጨኝ፤ በኋላ በጨርቅ ጎተትኩት።

ነርሷ፦ ሰው አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ከገባ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጉዞውን ልተወው ወይስ ልሂድ?

ፖካራ የከረመ፦ ሂድ እንጂ! የሚያስቸግረው ታችኛው፣ ጫካው ነው። ላይ ማናንግ የሚባለው አገር ስትደርስ ተራራው ዝናቡን ስለሚጋርደው አገሩ ደረቅ ነው፣ ጁካም የለ። እስከዚያ ማታ ማታ ጫማህን አራግፈህ ተኛ።