ልብ ወለዱን ወደ ፊልም፦ ደብዳቤዎቹን፣ ክብራንንና ጢስ ዓባይን ምን እናድርጋቸው?

ጣና ዳር፦
ታሪኩ ባሕር ዳር ላይ የሆነ፣ ብዙ አንባቢ ያለው የፍቅር ልብ ወለድ ለፊልም እያዘጋጀን ነው። መጽሐፉ 320 ገጽ ነው፤ ፊልሙ 100 ደቂቃ ግድም እንዲሆን አስበናል። ተራኪዋ ልጅቷ ራሷ ስትሆን ግማሹ ታሪክ በሐሳቧና በደብዳቤ ያልፋል። እሷና ፍቅረኛዋ የሚለያዩት ሐይቁ ውስጥ ባለው የደሴት ገዳም በክብራን ገብርኤል ደጃፍ፣ ፀሐይ ጣና ላይ ስትጠልቅ ነው። ይቅር የሚባባሉት ደግሞ ጢስ ዓባይ። ቀረጻው ታኅሣሥና ጥር ነው። ምን ትላላችሁ?

ቀለምና ካሜራ፦
የስክሪፕት አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ 320ው ወደ 100 መውረድ አለበት። ከየምዕራፉ ትንሽ ትንሽ አትሸርፉ፤ እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ነገር ኖሮ አንዱም ልብ አይነካም። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ካርድ ያዙና ምዕራፉ ሲያልቅ በሁለቱ መካከል ምን እንደተለወጠ ብቻ ጻፉ። የሚጻፍበት ነገር ያጣ ካርድ ይውጣ። ምክር የሚሰጡ አክስት፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ካሉ አንድ ሰው አድርጓቸው።

ደብዳቤ ሙሉውን ከተነበበ ፊልሙ የሬዲዮ ትረካ ይሆናል (ጆሯችን ትረካ ስለሚወድ ፈተናው ከባድ ነው)። ከአንድ ደብዳቤ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አታስነብቡ። የቀረውን ድርጊት ይሸከመው፦ ለማን ሰጠችው? በማን እጅ ዘገየ? ሳይከፈት የት ተቀመጠ? ስታለቅስ እያየናት «አለቀስኩ» የሚል ድምፅ ትርፍ ነው። አንባቢ በቃሉ የያዛትን አንዲት ሁለት ንግግር ግን እንዳትነኩ።

ታንኳ፦
ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ተዋናይቷ ብቻ ሳትሆን ሜካፕ የምትሠራዋም ጭምር። ዘጌ ላይ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለሴትም ክፍት ስለሆነ ወደዚያ ማዞር ይቻላል። እኔ ብሆን ግን ክልከላውን ራሱን እጠቀምበታለሁ፦ እሱ ወርዶ ይገባል፣ እሷ ጀልባው ላይ ትቀራለች። ንግግር አያስፈልገውም። ጀልባው ምን ያህል መጠጋት እንደሚችል ገዳሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ።

ፀሐይዋን በተመለከተ፣ ከተማው ከሐይቁ ደቡብ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዘንብላ ስለምትገባ ከከተማው ዳር ስትታይ የምትጠልቀው ከየብስ ኋላ ነው። ውሃ ላይ ካስፈለገች ከምሥራቁ ዳር ወይም ከጀልባ ቅረጹ። ከጠለቀች በኋላ የሚረባ ብርሃን 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚቆይ ልምምዱ ቀድሞ ይጠናቀቅ። ከዘጌ ምሥራቃዊ ዳር የሚቀረጽ ንጋት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጠዋት ውሃው ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ንግግር ያለበትን የጀልባ ትዕይንት ሁሉ ጠዋት ጨርሱ። ሞተሩን አጥፉና የካሜራውን ጀልባ ከተዋንያኑ ጋር በገመድ እሰሩ፤ ካልታሰሩ ይራራቃሉ።

የደንገል ታንኳ ከፈለጋችሁ ሁለት ተመሳሳይ አሠሩ። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ቆየት ሲል ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ልዩነቱ ያስታውቃል። ነጠላ ሥር የተሰካ ማይክ ኮሽታ ይይዛል፤ ድምፁን በቡም (በረጅም ዘንግ ጫፍ በተሰቀለ ማይክ) ተቀበሉት።

ጢስ ዓባይ ላይ ወሩ አይረዳችሁም። ፏፏቴው የሚሞላው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ግድም ነው፤ በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ ይሳሳል። ፏፏቴውን በመስከረም፣ ተዋንያኑን በጥር ቀርጾ ማገጣጠምም አያዋጣም፦ አንዱ ላይ ሣሩ አረንጓዴ፣ ሌላው ላይ ደረቅ ይሆናል። ወይ ትዕይንቱን በሙሉ መስከረም ላይ ያዙት፣ ወይ የሳሳውን ፏፏቴ የታሪኩ አካል አድርጉት። ከጥር 10 እስከ 12 ደግሞ ጥምቀት ነውና ከተማ ውስጥ ምንም አታቅዱ።

ውል አዋቂ፦
ይህ ሁሉ ከውሉ በኋላ ነው። በቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ድርሰትን ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው፤ ካረፈም ለ50 ዓመት የወራሾቹ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ደራሲው መብቱን ለአሳታሚው ካላስተላለፈ የአሳታሚው ፈቃድ ዋጋ የለውም። ሲኒማ፣ ቴሌቪዥንና ዩቲዩብ በየስማቸው ይጠቀሱ፤ ታሪኩን ምን ያህል መለወጥ እንደምትችሉም ይጻፍ።

ጣና ዳር፦
የመጨረሻዋ ጥያቄ፦ መጽሐፉ ላይ ይቅር ተባብለው እሷ ብቻዋን ትቀራለች። ፕሮዲውሰሩ ሠርግ ይሁን ይላል።

ቀለምና ካሜራ፦
ሠርግ መጨረሻ ላይ ብቻ ተቀጥሎ አይቆምም። እሷን ብቻዋን ያስቀረው ምክንያት ቀደም ካለ ትዕይንት ጀምሮ መነቀል አለበት፤ ያ ማለት የፊልሙን የመጨረሻ ሲሶ እንደገና መጻፍ ነው። ለፕሮዲውሰሩ ይህን በቀንና በብር አስልታችሁ አሳዩት። ውሉ መጨረሻውን መለወጥ ካልፈቀደ ግን ክርክሩ ከደራሲው ጋር ነው።