«ላንቺው ብዬ ነው የደበቅሁሽ»፦ የልዕለ ጀግና ድራማዎች ፍቅርን ለምን በውሸት ያስሩታል?

የማታ ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «ዘ ፍላሽ» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው ሲዝን አንስቼ እንደገና እየተመለከትሁ ነው፤ በፊት ሳየው ልብ ያላልሁት አንድ ነገር አሁን ዕረፍት ነሥቶኛል። ባሪ አለን መብረቅ መትቶት ልዩ ፍጥነት ካገኘ በኋላ፣ አብራው ላደገችውና ከልጅነቱ ጀምሮ ለሚወዳት ለአይሪስ ዌስት ምስጢሩን እንዳይነግራት አባቷ ቃል ያስገባዋል፤ ባታውቅ ይሻላታል፣ ደኅንነቷም ይጠበቃል በሚል ነው። ከዚያ ወዲያ ክፍሎቹ በገፉ ቁጥር ምስጢሩን የማያውቅ ሰው እየጠፋ ይሄዳል። አብረውት የሚሠሩት የቤተ ሙከራ ባልደረቦቹ ያውቃሉ፤ እስር ቤት ያለው አባቱ ያውቃል፤ የአይሪስ ፍቅረኛ ኤዲ እንኳ ከእርሷ ቀድሞ ይነገረዋል፤ ዋናው ጠላት ደግሞ ከሁሉም በፊት ሲያውቅ የኖረ ነው። ስለዚያ ቀይ ብልጭታ ቀን ከሌት የምትጽፈው አይሪስ ብቻ ሳታውቅ ትቀራለች።

እንግዲህ ጥያቄዬ፣ ይህ ምስጢር አይሪስን የሚጠብቃት ከማን ነው የሚል ነው። ሊጎዳት የሚችለው ሰው የባሪን ማንነት አስቀድሞ ካወቀ፣ የእርሷ አለማወቅ የሚጠቅመው ጠላትን እንጂ እርሷን አይደለም፤ ከማን እንደምትሸሽም፣ በሯን በማን ላይ እንደምትዘጋም አታውቅምና። ይኸው ነገር የሱፐርማንን የወጣትነት ዘመን በሚተርከው በ«ስሞልቪል»ም በሌሎችም ስለሚደጋገም የአንድ ድራማ ጉድለት ነው ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ፍቅር በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ቦታ የለውም ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ እንዲያውም ከውጊያው ይልቅ በጉጉት የምጠብቀው እርሱን ነው። የሚያሰለቸኝ፣ ሁለቱ ሰዎች ሊቀራረቡ በተቃረቡ ቁጥር ያው ውሸት መጥቶ መሐላቸው መቀመጡና ነገሩ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ መሆኑ ነው። ታሪኩ የግድ ስለሚጠይቀው ነው ወይስ ደራስያኑ ሌላውን መንገድ ስለሚፈሩት?

የኮሚክ አንባቢ፦

ያነሡት ነገር ወደ ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊት በወረቀት ላይ የተወለደ ነው። ሱፐርማንና ሎይስ ሌን እ.ኤ.አ. በ1938 በአንድ መጽሔት ላይ አብረው ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ ክላርክ፣ ማለትም ሱፐርማን ማንነቱን ደብቆ እንደ ተራ ሰው ሲኖር፣ ሎይስን ይወዳል፤ ሎይስ ክላርክን ትንቃለች፤ ሱፐርማንን ግን ትወዳለች። ሰዎቹ ሁለት፣ ፍቅሩ የሦስት ሰው ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሎይስ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ባልደረባዋ ሱፐርማን መሆኑን ለማረጋገጥ ስትጥር፣ እርሱም በአንድ ዘዴ ሲያታልላት የሚያልቁ ታሪኮች እየተጻፉ ቆዩ። የቴሌቪዥን ደራስያን የወረሱት ይህን ነው።

እኔን ግን ከውሸቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እውነቱ ከተነገረ በኋላ የሚሆነው ነው። በ1980 በወጣው ሁለተኛው የሱፐርማን ፊልም ሎይስ እውነቱን ካወቀች በኋላ ክላርክ በመሳም ትዝታዋን ያጠፋዋል። በ«ስሞልቪል» መቶኛ ክፍል፣ በ2006 መጀመሪያ ላይ፣ ክላርክ ለሚወዳት ለላና ላንግ ማንነቱን ይገልጽላታል፤ ጋብቻ ይጠይቃታል፤ እሺ ትለዋለች፤ በዚያው ክፍል ትሞታለች፤ እርሱም ጊዜን ወደ ኋላ መልሶ ያድናታል፤ ሁለተኛውን ዕድል ሲያገኝ ግን አይነግራትም። እርስዎ እያዩት ባለው በ«ዘ ፍላሽ» የመጀመሪያ ሲዝን በዐሥራ አምስተኛው ክፍል ባሪ ለአይሪስ በተገለጠላት በዚያው ቅጽበት ሳያስበው አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሮጣል፤ የተነገረውም እንዳልተነገረ ይሆናል። (እዚያ ገና ካልደረሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እንደገና እያየሁ ነው ስላሉ ነው የደፈርሁት።)

በሦስቱም ላይ የሚጠፋው የሴቲቱ ትዝታ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ወንዱ የሆነውን ሁሉ ያስታውሳል፤ ፊቷ ላይ ያየውን ድንጋጤም ሆነ ይቅርታ ይዞ ይቀጥላል፤ ከዚያም ይማራል፣ ይበስላል። እርሷ ግን ተናግራው የማታውቀውን ንግግር የሚያውቅባት ሰው አጠገብ፣ ትናንት የነበረችበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች። እንደ እኔ ከሆነ ይህ ከመደበቅ የከፋ ነው።

ኮሚኮቹ ራሳቸው ጋብቻን እንኳ ሰርዘው ያውቃሉ። በ1987 የተፈጸመው የፒተር ፓርከር (የስፓይደርማን) እና የሜሪ ጄን ጋብቻ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ አክስቱን ከሞት ለማዳን ከጋኔን ጋር በተደረገ ውል እንዳልነበረ ሆነ። በ1996 የተጋቡት ሱፐርማንና ሎይስም በ2011 አሳታሚው ዓለሙን ሁሉ እንደ አዲስ ሲጀምር ጋብቻቸው አብሮ ተሰረዘ፤ የተመለሰላቸው ከዓመታት በኋላ ነው። የ1996ቱ ሰርግ ራሱ የሚያስቅ ታሪክ አለው። በኮሚኩ የተጫጩት በ1990 ሲሆን፣ በዝግጅት ላይ ከነበረው የቴሌቪዥን ድራማ ሰርግ ጋር እንዲገጥም ተብሎ ጋብቻው እንዲዘገይ ተደረገ፤ በመሐል የተፈጠረውን ክፍተት ለመሙላትም ደራስያኑ በ1992 ሱፐርማንን ገደሉት። ከማጋባት መግደል ቀሏቸዋል ማለት ነው።

ጥቁር ካባ፦

የኮሚክ አንባቢ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ነገሩን ሁሉ የውርስ ጉዳይ ማድረጉ አላሳመነኝም። እኔ ምክንያቱ ከዚህ የቀለለ ይመስለኛል፦ የክፍሎቹ ብዛት። የአሜሪካ ጣቢያዎች ለረጅም ጊዜ በአንድ ሲዝን ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ክፍል ያሠሩ ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት በውጊያና በፍንዳታ መሙላት ገንዘብ ይጨርሳል፤ ውሸት ግን ሁለት ተዋንያንና አንድ ክፍል ቤት ይበቃዋል። እርሱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ስልክ ይጮሃል፤ ክፍሉም ያልቃል። ተመልካቹ እየተናደደም ቢሆን በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። በ1985 የጀመረውና በ1989 ያለቀው «ሙንላይቲንግ» የልዕለ ጀግና ድራማ ባይሆንም፣ ዋና ገጸ ባሕርያቱ ከተገናኙ በኋላ ተመልካች ሸሸው ስለሚባል ከእርሱ በኋላ የመጡ ደራስያን ሁሉ የሚፈሩት ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። በእነዚያው ወራት የደራስያን የሥራ ማቆም አድማ መደረጉን፣ ዋናዋ ተዋናይት ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ዋናው ተዋናይም ወደ ሲኒማ ማተኮሩን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። የኮሚክ አንባቢ ያነሡት ያ የሱፐርማን ድራማም ከሰርጉ በኋላ በ1997 ስላለቀ፣ ጋብቻ ገደለው ተባለ። እኔ ግን የገደለው ከሰርጉ በፊት የመጣው የውሸት ሰርግ ይመስለኛል፤ ሙሽራዋ በእንቁራሪት በሊታ ግልባጭ ተተክታ፣ እውነተኛዋ ሎይስ ደግሞ ትዝታዋን አጥታ ስንት ሳምንት እንዳቆዩን የተመለከተ ሰው ይፍረደኝ።

ተመልካቹ የሚፈልገው ሌላ መሆኑን «አሮው» በግልጽ አሳይቶ ነበር። ኮሚኩን የሚያውቅ ሁሉ ጀግናው ኦሊቨር ኩዊን ከሎረል ላንስ ጋር እንደሚሆን ይጠብቅ ነበር። ፌሊሲቲ ስሞክ ግን በሦስተኛው ክፍል ላይ ለአጭር ትዕይንት ብቻ ገብታ ተወደደችና ቀረች፤ ገና በመጀመሪያው ሲዝን ኦሊቨር ቆስሎ መኪናዋ ውስጥ ስታገኘው ምስጢሩን አወቀች፤ ከዚያ በኋላ አብራው ሠራች፣ ተከራከረችው፣ ሲሳሳት ነገረችው። ፍቅሩም ከዚያ አደገ። ታዲያ ደራስያኑ ምን አደረጉ? የሚደበቅ ምስጢር ሲያጡ በአራተኛው ሲዝን ሌላ ፈጠሩ፤ ኦሊቨር ልጅ እንዳለው ከእጮኛው ደብቆ ቀለበቱ እንዲመለስ አደረጉ። ይህ ልማድ እንጂ የታሪክ ግዴታ አይደለም።

ዝምተኛዋ፦

በጥቁር ካባ ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ምክንያቱ የክፍሎቹ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዐሥራ ሦስትና ስምንት ክፍል ያላቸው ድራማዎች ውሸቱን በተዉት ነበር፤ ነገር ግን አልተዉትም። ልዩነቱ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ውሸቱን እንደ በደል ማየታቸው ነው።

በ«ጄሲካ ጆንስ» የመጀመሪያ ሲዝን ጄሲካ ከሉክ ኬጅ ጋር ፍቅር ስትጀምር የምትደብቀው ኃይሏን አይደለም፤ እርሱንማ ቶሎ ይተዋወቁበታል። የምትደብቀው የሉክን ሚስት የገደለችው እርሷ መሆኗን ነው። ሰውን በቃሉ ብቻ እንደፈለገ በሚያዘው ጠላቷ በኪልግሬቭ ቁጥጥር ሥር ሆና ያደረገችው በመሆኑ ጥፋቱ የእርሷ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ሆኖም ሉክ እውነቱን ሲሰማ የሚያስቆጣው ግድያው ብቻ ሳይሆን፣ ይህን እያወቀች አልጋው ውስጥ መግባቷ ነው። ማን እንደሆነች ሳያውቅ እሺ አለ፤ እንዲያ ከሆነ እሺታው የማን ነው? አይሪስም ሆነች ላና ይህን ጥያቄ ቢጠይቁ መብታቸው ነበር፤ ድራማዎቻቸው ግን ጥቂት እንባ አስፈስሰው ወደ ይቅርታው ይቸኩላሉ።

በዚያው ድራማ ኪልግሬቭ ጄሲካ ያደገችበትን ቤት ገዝቶ፣ እንደ ቀድሞው አድርጎ አስውቦ ሲያቀርብላት እውነተኛ ፍቅር እንደሆነ ያምናል። ያስደነገጠኝ ቤቱ ብቻ አልነበረም፤ የሚናገራቸው ቃላት በሌሎች ድራማዎች ጀግናው ከሚናገራቸው ብዙም አለመራቃቸው ነው፦ ላንቺው ብዬ ነው፣ የሚበጅሽን እኔ አውቃለሁ።

«ዘ ቦይስ» ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። ኃይል ያላት ሴቲቱ አኒ ናት፤ የሚዋሸው ምንም ኃይል የሌለው ሂዩዊ ነው፤ በአጋጣሚ ከተዋወቃት በኋላም ለስለላ ይጠቀምባታል። በሦስተኛው ሲዝን ሊጠብቃት ብሎ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መድኃኒት ይወስዳል፤ እርሷ ግን አድነኝ ብላ የጠየቀችው ነገር የለም። «ልጠብቅሽ» የሚለው ቃል የሚያገለግለው አንዳንድ ጊዜ ተናጋሪውን ብቻ መሆኑን ከዚህ በላይ ያሳየኝ ድራማ አላገኘሁም።

የማታ ተመልካች፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ክፍሎቹ ብዛት የተባለው ያልገመትሁት ነበር፤ የዝምተኛዋ ጥያቄ ግን ከሁሉ ይልቅ ገብቶኛል። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሁለቱም ሁሉን የሚያውቁበት፣ መሐላቸው ውሸት የሌለበት፣ ሆኖም የማይሰለች ድራማ አለ? ባሪና አይሪስ ከተጋቡ በኋላ ያሉትን ሲዝኖች አይቻቸዋለሁ፤ ባልና ሚስት መሆናቸውን እየረሳሁ ነበር የማያቸው።

መቶኛው ክፍል፦

አለ። ከላይ የ«ስሞልቪል» መቶኛ ክፍል ስለተነሣ ከመጠሪያዬ ጋር የሚስማማውን ላስቀድም። «የሺልድ ወኪሎች» መቶኛ ክፍሉን በ2018 ያዋለው ለሁለቱ የሳይንስ ሰዎች፣ ለፊትዝና ለሲመንስ ሰርግ ነው። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ የሚደባበቁት ማንነት የላቸውም፤ መለያየታቸው ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ አንዴ እርሷ ሌላ ፕላኔት ላይ ትወድቃለች፣ አንዴ ዘመን ይለያያቸዋል። ደራስያኑ ነገሩን አልፎ አልፎ እንዳበዙት አልክድም፤ ቢሆንም አንዱ ሌላውን ሲፈልግ አብረን ፈለግን እንጂ፣ አንዱ ሌላውን ሲያታልል ቁጭ ብለን አልጠበቅንም። «ሱፐርገርል» ውስጥም አሌክስና ማጊ የሚለያዩት አንዷ ልጅ መውለድ ስትፈልግ ሌላዋ ስለማትፈልግ ነው፤ ጭምብልም ጠላትም የሌለበት፣ ማናቸውም ያልበደሉበት መለያየት በዚህ ዘርፍ ብርቅ ነው።

ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ግን ከ2021 እስከ 2024 የታየው «ሱፐርማን ኤንድ ሎይስ» ነው። ሲጀምር ሁለቱ ከተጋቡ ቆይተው መንታ ወንዶች ልጆቻቸው ለአቅመ አዳም እየደረሱ ነው። ሎይስ ሁሉን ታውቃለች፤ እርሱ በሌለበት ቤቱን ስትመራ፣ በእራት መሐል ድንገት ተነሥቶ ሲበር፣ የተቆረጠውን ጨዋታ ማን እንደሚጨርሰው ታውቃለች። በሦስተኛው ሲዝን የጡት ካንሰር ይይዛታል። ጥይት የማይበሳው ባል ሕመሙን በጡጫ ሊመታው አይችልም፤ ሊሸከመው የሚችለው ሕንጻ እንጂ የሚስቱ ፍርሃት አይደለም፤ እርሷም አንዳንድ ቀን የሚያጽናናት ሳይሆን ዝም ብሎ የሚቀመጥላት ትፈልጋለች። ከአውሮፕላን መታደግ ይልቅ ልቤ የተንጠለጠለው በእነዚያ ክፍሎች ነው።

ሲጀምሩት ግን ከሦስተኛው ሲዝን አይዝለሉ፤ የመጀመሪያው ክፍል ለእርስዎ ጥያቄ የተጻፈ ይመስላል። ክላርክና ሎይስ ማንነቱን ለገዛ ልጆቻቸው አልነገሯቸውም፤ ምክንያታቸውም ያው ለእነርሱው ብለው የሚል ነው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሎይስ ራሷ ከደባቂዎቹ አንዷ ናት። ልጆቹ እውነቱን ሲደርሱበት ይቆጣሉ፤ አባታቸውም የሚመልሰው ይቸግረዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዚያው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው።