ዓይን ተቆጥቷል ተብሎ የደረት ራጅ ለምን ይታዘዛል?

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው። የግራ ዓይኑ ቀልቶ፣ ብርሃን እየፈራ፣ ውስጥ ለውስጥ ሲጠዘጥዘው አቧራ ነው ብለን ከሰፈር ፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ቅባት ገዛን። ጠብ ያለለት ነገር የለም። የዓይን ሐኪም በመሣሪያ አይቶ "ውስጡ ተቆጥቷል፣ ዩቪያይቲስ ነው" አለው። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ጠብታ በየሰዓቱ፣ አትሮፒን የሚባል ሌላ ጠብታ በቀን ሁለቴ፣ ከዚያ ደግሞ የደረት ራጅና የደም ምርመራ አዘዘለት። ሕመሙ ቀለል ብሎታል፤ ግን በዚያ ዓይኑ ስልክ ማንበብ አቃተው፣ ብሌኑም ሰፋ። "መድኃኒቱ ሊያሳውረኝ ነው" ብሎ ሊያቆም ነው። ራጁንም ገንዘብ ፍለጋ ነው ይላል።

የዓይን ክፍል ነርስ
እህቴ፣ እባክሽ እንዳያቆም። ብሌኑን ያሰፋው አትሮፒኑ ነው፤ የተሰጠውም ለዚያው ነው። የዓይን ቀለሙ ክፍል ሲቆጣ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ይጣበቃል፣ አትሮፒን ብሌኑን ከፍቶ ያንን ይከላከላል፣ ሕመሙንም ያስታግሳል። ቅርብ ማንበብ ያቃተውም በእሱ ነው። ጠብታው ከቆመ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል እስኪመለስለት ባጃጁን ሌላ ሰው ይያዝለት።

መቆጣቱን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎኑ ነው። መድኃኒቱ ከታች ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቀው፤ በሁለቱ ጠብታዎች መካከል አምስት ደቂቃ ይቆይ። "ተሻለኝ" ብሎ በአንዴ ካቆመው ይነሳበታል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው የሚያስቆመው።

ስለ ራጁ፦ የሳንባ ነቀርሳ ዓይንንም ያስቆጣል፣ ሰውየው ሳያስል እንኳ። ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ኸርፐስ የሚባለው ቫይረስና ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው የጥገኛ ተውሳክ በሽታም እንደዚሁ። መነሻው ቲቢ ወይም ቂጥኝ ከሆነ ጠብታ ብቻውን አያድነውም። ደግሞ በብዙ ሰው ላይ ምንም ምክንያት አይገኝም፤ ውጤቱ ንጹሕ ቢሆን ገንዘቤ ባከነ አይበል።

ከገላን
የወንድሜ ዓይን አንዴ ግራው አንዴ ቀኙ እየተመላለሰ ያመው ነበር። ጠዋት ሲነሳ ወገቡ ድርቅ ይላል፣ ሲንቀሳቀስ ይለቀዋል። ሁለቱን ማንም አላገናኘውም ነበር፤ ለካ የአከርካሪ መገጣጠሚያ መቆጣት ኖሮበት ነው። ባልሽን ስለ ወገቡ ጠይቂው፣ ካለበት ለሐኪሙ ይናገር።

ከሰበታ
እናቴ ጸበል ነው የምትለው። ይጠመቅ፣ ማን ከለከለው? ጠብታውን ግን አያቋርጥ። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመርን በጭራሽ እንዳትሞክሩ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ወገቡ ደህና ነኝ ብሏል። ራጁን ነገ ይነሳል። ጎረቤቴም ዓይኗ ቀልቶ ከፕሬድኒሶሎኑ ስጪኝ ትለኛለች፣ ልስጣት?

የዓይን ክፍል ነርስ
አትስጫት! ዓይን የሚቀላው በብዙ ምክንያት ነው። የእሷ በኸርፐስ የቆሰለ ከሆነ ይህ ጠብታ ቁስሉን ያብስበታል። ያለ ክትትል ሲቆይም የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሞራም ያመጣል። ባልሽም በየቀጠሮው ግፊቱን ይለካ። የሰፈር ክሊኒክ መለኪያ ከሌለው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሪፈር ያጽፍ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዓይኑን የተወጋ ወይም በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሕመሙ ከበረታና እይታው ከቀነሰ ቀጠሮ አይጠብቅ። ያ ውስጡ በጀርም ተመርዞ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ዓይን ውስጥ የሚወጋ አንቲባዮቲክ ነው፣ በዚያው ቀን።