የሚያበሩ ዘንጎችን ብርሃን እንዴት ልለካ?

ሰላም ለሁላችሁ። የ7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ሲታጠፉ የሚያበሩትን የፕላስቲክ መጫወቻ ዘንጎች ይዘን፣ ሙቀት የኬሚካል ለውጥን ፍጥነት እንዴት እንደሚቀይር እየፈተሽን ነው። አንዱን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ከተትን። የሞቀው ቦግ አለ፣ የቀዘቀዘው ደበዘዘ፤ እስከዚህ የጠበቅነው ነው።

የቸገረኝ ልኬቱ ነው። በዓይን ስንገምት ተማሪዎቹ አይስማሙም፤ ዓይናቸው ጨለማውን ሲለምድ ደግሞ ደብዛዛውም ደማቅ ይመስላቸዋል። በስልክ የብርሃን መለኪያ ሞከርን፣ ስልኩ በተነቃነቀ ቁጥር ቁጥሩ ይዘላል። ዘንጉን አውጥተን እንዳንለካ ሙቀቱ ወዲያው ይቀየርብናል።

ውሃው ውስጥ እንዳለ፣ ርቀቱ ሳይዛባ የለካችሁ ካላችሁ እባካችሁ ዘዴውን ንገሩኝ። ልጆቹ ግራፉን ከራሳቸው ቁጥር እንዲስሉ በጣም እፈልጋለሁ።